ስሟን ያዋሰችው የገጣሚው ልጅ

ማኅበራችሁ በዚህ ምሽት ስለ ሴቶችና ስለ ከፍተኛ ትምህርት እንድናገር ጋብዞኛል። ርእሱ ሰፊ ነው፤ በአንድ ምሽት ተነግሮ አያልቅም። ስለዚህ አንዲት ሴት መርጬ መጥቻለሁ። እዚሁ እኛ በምንኖርበት በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ተወልዳ ያደገችና ዕድሜዋን ያሳለፈች ናት፤ ስሟ አሊስ ሎንግፌሎ ይባላል። በእርሷ ታሪክ ላይ ቆሜ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ከአባት የተወረሰ ታላቅ ስም ብቻውን የሚሠራው ነገር የለም፤ ዋጋ የሚያገኘው ገና ስም ለሌለው ሥራ ሲዋስና አዋሹም ከሥራው ጋር ሲቆይ ነው። በቅድሚያ ማን እንደ ነበረች፣ ቀጥሎ በዘመኗ ምን እንደ ተከለከለች፣ ከዚያም ምን እንዳደረገች አስረዳለሁ። በመጨረሻ ይህን ሐሳብ ሊያፈርሱ የሚችሉ ተቃውሞዎችን አንሥቼ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በብራትል ጎዳና ቁጥር 105 ያለውን ትልቅ ቢጫ ቤት ከእናንተ ብዙዎቹ ያውቁታል። ጆርጅ ዋሽንግተን ቦስተን በተከበበች ጊዜ፣ በ1775 እና በ1776፣ ጦሩን የመራው ከዚያ ቤት ሆኖ ነው። በ1843 ገጣሚው ሄንሪ ዋድስዎርዝ ሎንግፌሎ ፋኒ አፕልተንን ሲያገባ፣ የሙሽራዋ አባት ባለጸጋው ናታን አፕልተን ቤቱን ገዝቶ ለሠርጋቸው ሰጣቸው። ሎንግፌሎ በዚያ ዘመን በአሜሪካ እጅግ ከሚነበቡት ገጣሚዎች የመጀመሪያው ነበር። በሃርቫርድም ከ1836 እስከ 1854 ድረስ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዘመናዊ ቋንቋዎችን አስተምሯል። አሊስ በ1850 በዚያ ቤት ተወለደች። ዐሥረኛ ዓመቷን ባሳለፈችበት ጊዜ፣ በ1861፣ እናቷ ልብሷን እሳት ይዞት ሞተች፤ አምስት ልጆች ያለ እናት ቀሩ። ከዚያ አደጋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አባትየው አንድ አጭር ግጥም አሳትሞ ነበር። ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ አመሻሽ ላይ በደረጃው ወርደው ወደሚጽፍበት ክፍል ሲገቡ የሚያሳይ ግጥም ነው። አሊስ በስሟ ተጠርታበታለች፤ ከእኅቶቿ የምትለየውም ቁም ነገረኛ በመሆኗ ነው። ግጥሙ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ሲነበብ ኖረ። ስለዚህ አሊስ ገና ምንም ሳትሠራ፣ ምንም ሳትናገር፣ ስሟን አገር ያውቀው ነበር። እኛ የአባታችንን ስም ከራሳችን ስም ቀጥለን የምንጠራ፣ ሴት ልጅም ብታገባ የማይለወጥባት ሕዝብ ነንና፣ በአባት ስም መታወቅ ምን ያህል እንደሚያኮራና ምን ያህል እንደሚከብድ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላሉ። እኔ የምጠይቀው ግን ባለስሙ በሕይወት ሳለ ያ ስም ምን ይሠራል የሚለውን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ እርሱም ክልከላው ነው። ከአሊስ ቤት እስከ ሃርቫርድ ግቢ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አባቷ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያስተማረበት ያ ዩኒቨርሲቲ ግን ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። በ1869 ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ቻርልስ ዊልያም ኤልየት በመክፈቻ ንግግራቸው፣ ስለ ሴቶች ተፈጥሯዊ የአእምሮ ችሎታ ዓለም የሚያውቀው ከምንም የማይቆጠር መሆኑን ገልጸው፣ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን እንደማይቀበል ተናገሩ። ይህ እንግዲህ ለዘብ ያለው አቋም ነበር። በ1873 ኤድዋርድ ክላርክ የተባሉ፣ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ ሐኪም፣ ልጃገረድ እንደ ወንድ በብርቱ ካጠናች ሰውነቷ ይጎዳል፣ በተለይም የመውለድ ኃይሏ ይዳከማል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ወላጆችንም አስፈራ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ክርክር ሴቶችን በግልጽ ከመናቅ ይልቅ የሚያዝንላቸው መስሎ የቀረበ ነው። አንድን አባት «ልጅህ አትችልም» ብትሉት ሊከራከራችሁ ይችላል፤ «ልጅህ ትታመማለች» ብትሉት ግን ይፈራል፤ ፈርቶም ቤት ያስቀምጣታል። መልሱ የመጣው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የኮሌጅ ምሩቃን ሴቶች ማኅበር ስለ 705 ምሩቃን ጤና መረጃ አሰባስቦ፣ በ1885 የማሳቹሴትስ የሥራና ሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ውጤቱን አወጣው። ተምረው የጨረሱት ሴቶች ትምህርት እንዳላሳመማቸው ቁጥሩ አሳየ። ልብ በሉ፤ ይህን ማስረጃ ለማግኘት አስቀድሞ የተማሩ ሴቶች መኖር ነበረባቸው። ማስረጃው እስኪመጣ ቢጠበቅ ኖሮ ማስረጃውም አይመጣም ነበር።

ሦስተኛው ነጥቤ የተሠራው ሥራ ነው። በ1878 አቢ ሊች የምትባል ወጣት ግሪክኛና ላቲን ለመማር ወደ ካምብሪጅ መጣች። የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮችን በግል እየለመነች እንዲያስተምሯት አደረገች፤ ችሎታዋም አስደነቃቸው። በዚያው ጊዜ አርተር ጊልማንና ባለቤቱ ስቴላ ጊልማን ለሴቶች የኮሌጅ ትምህርት የሚገኝበትን መንገድ ያሰላስሉ ነበር። የመጣላቸው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ካልተቀበለ፣ መምህራኑ ራሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው፣ ተጨማሪ ክፍያ እየተቀበሉ፣ ለወንዶቹ ያስተማሩትን ለሴቶቹ ይድገሙት። ኤልየት አልከለከሉም። የካቲት 22 ቀን 1879 አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች ለሴቶች በግል የኮሌጅ ትምህርት እንደሚሰጡ ይገልጻል፤ ጉዳዩን የሚመሩ የሰባት ወይዛዝርት ስምም ሰፍሮበታል። ከሰባቱ አምስቱ የፕሮፌሰር ሚስቶችና የካምብሪጅ ታዋቂ ቤተሰቦች እመቤቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ኤልዛቤት ካሪ አጋሲዝ፣ የታዋቂው የተፈጥሮ ሊቅ የሉዊ አጋሲዝ ባለቤት የነበሩ፣ ኋላም ከዚህ ሥራ ያደገው የራድክሊፍ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ያላገቡ ሴቶች ነበሩ፤ ሊሊያን ሆርስፎርድና የሃያ ስምንት ዓመቷ አሊስ ሎንግፌሎ። በዚያው ዓመት መስከረም በአፒያን ዌይ ጎዳና ከአንድ የግል ቤት ጥቂት ክፍሎች ተከራይተው፣ በ27 ተማሪዎች ትምህርቱን ጀመሩ። ሰው ሁሉ «የሃርቫርድ ተቀጥላ» ይለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ደርሻለሁ። በዚያ ማስታወቂያ ላይ የሰባት ወይዛዝርት ስም ለምን አስፈለገ? ትምህርቱን የሚሰጡት ፕሮፌሰሮቹ ናቸው፤ የአስተዳደሩን ሥራ የሚሠራው ጊልማን ነው። ሕንጻ የለም፣ ቻርተር የለም፣ ዲግሪ የለም፣ ከዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ቃል የለም። እናንተ በኦሃዮ ወይም በሜይን የምትኖሩ ወላጆች ናችሁ እንበል። ሐኪሙ ልጃችሁ እንደምትታመም ነግሯችኋል፤ ጎረቤት ይስቅባችኋል፤ ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነት አልወስድም ብሏል። ልጃችሁን ወደ ካምብሪጅ የምትልኩት ማንን አምናችሁ ነው? እቁብ ሲቋቋም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳኛው ማን ነው ብሎ አይደለምን? ገንዘቡ ገና አልተሰበሰበም፤ ያለው የሰው ስም ብቻ ነው፤ በዚያ ስም ላይ ሌላው ሁሉ ይገነባል። በማስታወቂያው ላይ የሎንግፌሎን ስም ያነበበ ወላጅ፣ ያቺ በግጥሙ የሚያውቃት ቁም ነገረኛ ልጅ ለዚህ ሥራ ዋስ መሆኗን አየ። አባቷ የሰጣት ስም በእርሷ እጅ ለ27 የማይታወቁ ልጃገረዶች መተማመኛ ሆነ። ስም ማዋስ ያልሁት ይህን ነው። ስም ማዋስ ደግሞ ከአደጋ ነጻ አይደለም። ሥራው ቢከሽፍ፣ አንዲት ተማሪ ብትታመም፣ ክላርክ ትክክል ነበሩ ይባል ነበር፤ የሚነቀፈውም በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም ነበር።

ቀጥሎ ያደረገችው ይበልጥ ያስደንቀኛል። አሊስ ከኮሚቴው አባልነቷ ባሻገር ከተማሪዎቹም አንዷ ሆና ገባች። ለዓመታት በዚያው እርሷ ባቋቋመችው ቦታ ኮርሶች ተከታተለች፤ በ1880ዎቹም ወደ እንግሊዝ ተሻግራ በካምብሪጅ በሴቶቹ ኮሌጅ በኒውናም ተማረች። የታላቅ ሰው ልጅ፣ በራሷ ቤት የአገሩ ጸሐፍት ሲሰበሰቡ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ደብተር ይዛ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጧ ብዙ ይነግረናል። ለሌሎች ይበጃል ያለችውን ለራሷም ፈልጋዋለች። በጎ አድራጊዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው፤ ለድሃ ልጅ የሚመሠርቱትን ትምህርት ቤት ለራሳቸው ልጅ አይመኙትም። አሊስ ግን የመሠረተችውን እርሷ ራሷ ቀመሰችው።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሣ። የመጀመሪያው፣ «ሀብታም ናት፤ ለሀብታም ምን ይከብዳል?» የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ እንዲያውም ላጠንክረው። የአያቷ የናታን አፕልተን ሀብት የመጣው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የሎዌልን ፋብሪካዎች ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። በእነዚያ ፋብሪካዎች በሽመና ማሽኖቹ ላይ የቆሙት ደግሞ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የሚፈትሉትም ጥጥ በደቡብ አገር በባሪያዎች እጅ የተለቀመ ነበር። አሊስ ያደገችበት ምቾት የእነዚህ ሰዎች ላብ አለበት። ይህ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ነገር ግን ማንም ሰው የሚወርሰውን አይመርጥም፤ ልንጠይቀው የምንችለው ውርሱን ወዴት እንዳዞረው ነው። አሊስ ገንዘቧንና ጊዜዋን ለሴቶች ትምህርት ሰጠች፤ ነጻ ለወጡት ጥቁሮችና ለልጆቻቸው የተቋቋሙትን የሃምፕተንና የተስኪጊን ትምህርት ቤቶችም ረድታለች። በ1898 ደግሞ አልበርታ ስኮት ከራድክሊፍ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ዕዳው በዚህ ተከፍሏል አልልም። የምለው፣ ያ ሁሉ ሀብት በካምብሪጅ ውስጥ በሌሎች እጆችም ነበር፤ ሌሎቹ እጆች ግን ያን በር አልገፉትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚነሣው ከሴቶች መብት ወዳጆች ነው። «ተቀጥላው ግማሽ ነገር ነበር» ይላል። ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ተፈትነው፣ እንደ ወንዶቹ አልፈው፣ በመጨረሻ የሚሰጣቸው ዲግሪ ሳይሆን ትምህርታቸው ከሃርቫርድ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ነበር። በ1865 ቫሳር፣ በ1875 ስሚዝና ዌልስሊ ተከፍተው ለሴቶች ዲግሪ ይሰጡ ነበር፤ በ1885 ብሪን ማር ተከተለ። ታዲያ ከሃርቫርድ አጥር ሥር ቆሞ መለመን ምን አስፈለገ? በ1893 ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ አልሰጥም ባለ ጊዜ፣ በ1894 የተገኘው መፍትሔም ግማሽ ነበር። ኮሌጁ የራሱ ቻርተር ያለው ተቋም ሆነ፤ በዲፕሎማው ላይ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ይፈርማሉ። ስሙ ራድክሊፍ ተባለ፤ በ1643 ለድሃ ተማሪ መርጃ 100 ፓውንድ ለሃርቫርድ በሰጠችው እንግሊዛዊት በአን ራድክሊፍ ስም። ከተቀጥላው ምሩቃን መካከል እንኳ ይህን ውል የተቃወሙ ነበሩ። ኀዘናቸው ይገባኛል። ሜሪ ካልኪንስ በ1895 የሃርቫርድን የዶክትሬት ፈተና ተፈትና መምህራኖቿን አስደነቀች፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት በመሆኗ ዲግሪውን ከለከላት። በ1902 የራድክሊፍ ዶክትሬት ቢሰጣትም፣ የተማረችው በሃርቫርድ ነውና አልቀበልም አለች። በ1905 የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነችው ያለዚያ ወረቀት ነው። የሃርቫርድ የላሞንት ቤተ መጻሕፍት ለሴቶች የተከፈተው በ1967 ነው። ከ1879 ቆጥሩት፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት ነው።

እንግዲህ የተቀጥላው መሥራቾች ተሳስተዋል? እኔ አልተሳሳቱም ባይ ነኝ፤ ማስረጃዬም ሄንሪዬታ ሊቪት ናት። ሊቪት በ1892 ከተቀጥላው ያን «እኩል ነው» የሚል ወረቀት ተቀበለች። ከዚያ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በዝቅተኛ ክፍያ የመስታወት ፎቶግራፎችን እየመረመረች የከዋክብትን ብርሃን ትለካ ነበር። በ1912 ብርሃናቸው ከፍና ዝቅ የሚል 25 ከዋክብትን አጥንታ፣ ኮከቡ ብሩህ በሆነ መጠን ከፍና ዝቅ የሚልበት ጊዜ እንደሚረዝም አሳየች። ይህ ግኝት ሰው የሩቅ ከዋክብትን ርቀት የሚለካበት ሚዛን ሆነ። የከዋክብት ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በ1920ዎቹ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን ያረጋገጠው በእርሷ ሚዛን ነው። ሙሉው እስኪገኝ ግማሹን አንነካም ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሊቪት በ1892 የምትማርበት የሃርቫርድ ክፍል አልነበረም። በየዓመቱ ያለ ትምህርት የምታልፍ ልጅ ዕድሜዋን መልሳ አታገኘውም፤ ለእርሷ «ቆይ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ይስተካከላል» የሚባል መልስ አይሆንም። ደግሞም ግማሹ ሙሉውን እየጎተተ አመጣው። 27ቱ ተማሪዎች በዐሥር ዓመት ገደማ ከ200 በላይ ሆኑ። ሄለን ኬለር ማየትም መስማትም ሳትችል በ1904 ከራድክሊፍ ተመረቀች። በ1943 ፕሮፌሰሮች አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ መድገማቸው ቀረና ሴቶችና ወንዶች በአንድ ክፍል መማር ጀመሩ፤ ከ1963 ጀምሮ የራድክሊፍ ተማሪዎች የሃርቫርድን ዲግሪ ተቀበሉ፤ በ1999 ሁለቱ ተቋማት ፈጽሞ ተዋሐዱ። ዩኒቨርሲቲው የተሸነፈው በክርክር ሳይሆን፣ ከአጥሩ ሥር ዓመት ከዓመት በሚወጡት ምሩቃን ብዛትና ጥራት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ አጭር ነው፤ «መሥራቹ ጊልማን ነው፣ መሪዋ አጋሲዝ ናቸው፤ አሊስ አንዷ ብቻ ናት» ይላል። ትክክል ነው፤ ከሰባቱ አንዷ ናት። ተቋም በአንድ ሰው አይቆምም፤ ስለ መሥራቾች ስናወራ አንድን ሰው ብቻ ማንገሥ ጎጂ ልማድ ነው። የአሊስ ድርሻ ግን ቆይታዋ ነው። አባቷ በ1882 ሞተ። ቤቱን እንዳለ፣ መጽሐፉንና ወንበሩን ሳይቀር፣ ጠበቀችው፤ በ1913 እርሷና የተቀሩት ልጆች ቤቱ ለሕዝብ እንዲቆይ የሚያስችል አደራ አቋቋሙ። ሙሉ ዕድሜዋን የአባቷን መታሰቢያ በመጠበቅ ብቻ ብታሳልፍ ማንም አይነቅፋትም ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ልጅ ትባል ነበር። እርሷ ግን ሁለቱንም ያዘች። በ1879 ከፈረመችው ስም ወደ ኋላ ሳትል እስከ ሞተችበት እስከ 1928 ድረስ ከኮሌጁ ጋር ኖረች። በ1930 ራድክሊፍ አዲስ የመማሪያ ሕንጻ ሲሠራ ሎንግፌሎ አዳራሽ ተባለ። የቆመው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በተከራዩበት በአፒያን ዌይ ላይ ነው። የሚያልፍ ሁሉ በገጣሚው ስም የተሰየመ ይመስለዋል፤ የተሰየመው ግን በልጁ ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስማቸው በማኅበረሰባችን የሚከበር ሐኪሞች፣ ካህናት፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን አሉ። ከመካከላችን አንዲት ወጣት ለልጃገረዶች የማስጠኛ ክፍል ልክፈት፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ላቋቁም ብላ ወረቀት ይዛ ስትመጣ፣ ገና ቢሮ የላትም፣ ፈቃድ የላትም፣ ገንዘብ የላትም ብላችሁ አትመልሷት። ስማችሁን ጻፉላት። ጽፋችሁም አትጥፉ፤ በሁለተኛው ስብሰባ ተገኙ፣ በአምስተኛውም ዓመት ተገኙ።